ጁሞንቪል መልእክተኛ ነበር ወይስ ሰላይ?

የአሌክሳንድሪያው፦
ትናንት ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የቨርጂኒያ መኮንን ስለነበረው፣ «ዋሽንግተን መልእክተኛ ገደለ፤ በፊርማውም አመነ፤ ነገሩ አልቋል» ተብሎ የተለጠፈው በጣም አናዶኛል። ምኑ ነው ያለቀው? ሜይ 28 ቀን 1754 ጠዋት የፈረንሳዩ መኮንን ጁሞንቪል ከ30 በላይ ሰው አስከትሎ ፔንስልቬንያ ጫካ ውስጥ፣ ዓለት ሥር ተደብቆ ነበር። 30 ጠመንጃ አስከትሎ የሚመጣ መልእክተኛ የት አገር ነው ያለው?

ቃልኪዳን፦
የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ከቃሌ ንቅንቅ አልልም። ሰውየው ደብዳቤ ይዞ ነበር። «ይህ የፈረንሳይ ንጉሥ ግዛት ነው፣ ልቀቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነት ያወጁት ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1756 ነው። በሰላም ጊዜ ደብዳቤ የያዘ ሰው መልእክተኛ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

የአሌክሳንድሪያው፦
ደብዳቤማ ዋሽንግተንም አድርሷል እኮ! በ1753 መጨረሻ የቨርጂኒያው ገዥ ዲንዊዲ ልኮት፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር በግልጽ የፈረንሳዮች ምሽግ እስከሆነው ፎርት ለቦፍ ድረስ ሄደ። ፈረንሳዮቹ በወግ አስተናገዱት፣ መልሱን ይዞ ተመለሰ። መልእክተኛ ማለት ይሄ ነው። ጁሞንቪል ግን ከዋሽንግተን ሰፈር 5 ማይል ላይ ተሸሽጎ ከረመ።

ቃልኪዳን፦
«ተሸሽጎ» የምትለዋን ከማን አፍ አመጣሃት? ከራሱ ከዋሽንግተን ደብዳቤ! ለዲንዊዲ እጁን ለማጽዳት የጻፈው ነው። ተከሳሹ ለራሱ ሲመሰክር ቃሉ የሚጸድቀው በየትኛው ችሎት ነው? ደግሞ ምሳሌው በአንተው ላይ ዞረ። እነሱ የእሱን ደብዳቤ ተቀብለው፣ አስተናግደው ሸኙት። እሱስ?

መምህር፦
ልጆች፣ ረጋ በሉ። ዋሽንግተን ያኔ 22 ዓመቱ ነው። ሌሊቱን በዝናብና በጨለማ ሲደናበሩ አድረው ነው የደረሱት። 40 ያህል የቨርጂኒያ ወታደሮች ነበሩ፤ በአለቃቸው በታናካሪሰን የሚመሩ ደርዘን ያህል የሚንጎ (የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ) ተዋጊዎችም አብረዋቸው ነበሩ። ተኩሱ ሩብ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። ከፈረንሳዮቹ 10 ያህል ሞቱ፣ 21 ተማረኩ፤ ከቨርጂኒያዎቹ የሞተው አንድ ነው። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ ሁለቱ ወገኖች አይስማሙም። ፈረንሳዮቹ ደብዳቤው እየተነበበ ሳለ ነው የገደሉት ይላሉ። በሌላ ምስክርነት ደግሞ ጁሞንቪልን በመጥረቢያ የጨረሰው ታናካሪሰን ነው። «ዋሽንግተን ገደለ» ስትሉ ይህን አትዝለሉት።

ሰናይት፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ታናካሪሰንን ስላነሱልኝ። እናንተ ሁለታችሁ የምትጨቃጨቁት በሰው ቤት ነው። ይህ የምትጣሉበት የኦሃዮ ሸለቆ የሚንጎ፣ የዴላዌርና የሾኒ ሕዝብ መኖሪያ ነበር። አንዱ «የፈረንሳይ ንጉሥ» ይላል፣ ሌላው «የእንግሊዝ ንጉሥ» ይላል። የአገሩን ሰው ማን ጠየቀው?

የአሌክሳንድሪያው፦
ሰናይትዬ፣ እውነትሽን ነው፤ ግን እሱ ሌላ ርዕስ ነው። አሁን የያዝነው መልእክተኛ ነው አይደለም የሚለውን ነው።

ሰናይት፦
ሌላ ርዕስ አይደለም! ታናካሪሰን ለምን እዚያ እንደተገኘ ሳታውቅ የጁሞንቪልን ሞት እንዴት ልትዳኝ ነው?

ቃልኪዳን፦
ወደ ፊርማው እንመለስ። ጁላይ 3 ቀን በራሱ በዋሽንግተን ምሽግ፣ ፎርት ኔሴሲቲ ላይ የጁሞንቪል ወንድም ከቦ አስጨነቀውና ዋሽንግተን እጁን ሰጠ። የፈረመው ወረቀት በፈረንሳይኛ «አሳሲና» ይላል። ነፍስ ግድያ ማለት ነው። ፈርሟል፤ በቃ!

የአሌክሳንድሪያው፦
ዋሽንግተን ፈረንሳይኛ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ዝናብ፣ ምሽጉ ውሃ፣ ባሩዱ የረጠበ። አስተርጓሚው ቫን ብራም ሆላንዳዊ ነው። በዝናብ የራሰ ወረቀት ይዞ፣ በምትብለጨለጭ ሻማ ነው ያነበበላቸው። ዋሽንግተን በኋላ እንዳለው የተነገረው ቃል «ሞት» ነው እንጂ «ግድያ» አይደለም። የውጫሌን አንቀጽ 17 የምናውቅ ሰዎች እንዴት «ፈርሟል፣ በቃ» እንላለን?

መምህር፦
ውጫሌን እንዲህ በቀላሉ አታምጣት፣ ልጄ። ውጫሌ አማርኛና ጣልያንኛ፣ ሁለት ጽሑፍ ነበራት። ምኒልክ አማርኛውን ይዘው ነው የተሟገቱት። ዋሽንግተን በእጁ ምን ነበረው? የአስተርጓሚው አፍ ብቻ።

ቃልኪዳን፦
አመሰግናለሁ መምህር። ደግሞ ቫን ብራም እንግዳ ሰው አይደለም። በ1753ቱ ጉዞ ለዋሽንግተን ያስተረጎመው ያው እሱ ነው። ያኔ ሲያምነው ቆይቶ፣ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱን ሁሉ በሰውየው ማላከክ ነውር ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦
እኔ ቦታው ድረስ ሄጃለሁ። ዓለቱ አናት ላይ ቆሜ ታች አይቻለሁ። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከሥር ያለው ሰው በእጁ የያዘው ወረቀት ይሁን ጠመንጃ አይለይም። በዝናብ ሲንከራተት ካደረ ሰው ምን ትጠብቂያለሽ?

ቃልኪዳን፦
ካልለየ ለምን ይተኩሳል?

የአሌክሳንድሪያው፦
ማን ቀድሞ እንደተኮሰ አይታወቅም ሲሉ መምህር አሁን ነገሩሽ እኮ። ወደ ላይ ሄደሽ አንብቢው።