«የምታስማማው ጥንት የላትም» የተባለችው ሐዋሳ

የታቦር ሥር፦ ከጃፓን የተመለሰ አንድ የከተማችን ሰው ሰሞኑን በአዳራሽ የጉዞ ትዝብቱን ሲያካፍል፣ ኪዮቶ ውስጥ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶችና ፈጣን ባቡር ሳይጋፉ እንደሚኖሩ በአድናቆት ከተረከ በኋላ፣ «ሐዋሳ ግን የምታስማማው ጥንት የላትም፤ ስለዚህ ዘመናዊነትን ብቻ ብታሳድድ የሚወቅሳት አይኖርም» ብሎ ደመደመ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ያናደደኝ ከንግግሩ ይልቅ ጭብጨባው ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር የተደሰተ ሕዝብ፣ ጥንት የለህም ሲባል እንዴት ያጨበጭባል?

የሞኖፖል ልጅ፦ ሰውየው የተናገረው ስለ ከተማዋ እንጂ ስለ ሲዳማ ሕዝብ አይደለም። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ኪዮቶ በ794 እ.ኤ.አ. መናገሻ የሆነች ናት። የዚህችንና የዚያችን ዕድሜ ማነጻጸር የማይገባ መሆኑን መናገር ስድብ ከሆነ፣ የልደት የምስክር ወረቀትም ስድብ ነው ማለት ነው። እስቲ በከተማው ወሰን ውስጥ የሚታይና የሚዳሰስ አንድ ጥንታዊ ነገር ጥቀሱልኝ።

ቀርከሃ፦ የሞኖፖሉ ወንድሜ፣ የዕድሜ ጉዳይ ከተነሣ ስለ ኢሴ ልንገርዎት። በጃፓን እጅግ ከሚከበሩት መቅደሶች አንዱ የሆነው ኢሴ በየ20 ዓመቱ ፈርሶ፣ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በአዲስ እንጨት እንደገና ይሠራል። የመጨረሻው እድሳት የተፈጸመው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን 62ኛው ነበር። እንጨቱ ከእኛ አብዛኞቹ ሕንፃዎች ያነሰ ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን ጥንታዊ አይደለም የሚል ጃፓናዊ አያገኙም። ስለዚህ «የምታስማማው ጥንት የላትም» ያለው ተጓዥ፣ ጃፓንን ራሷን በመስኮት አይቶ ነው የተመለሰው።

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ ሳያውቁት እኔን ደገፉኝ። ጃፓኖች የሚያከብሩትን መቅደስ በየ20 ዓመቱ የሚያፈርሱ ከሆነ፣ በኮሪደር ልማቱ ለፈረሰ የቆርቆሮ ቤት የምናለቅሰው ስለ ምንድን ነው?

ቀርከሃ፦ ይህን እንደሚሉ ጠብቄ ነበር። ኢሴ የሚፈርሰው ያንኑ መልሶ ለመሥራት ነው፤ አናጺው ከአባቱና ከመምህሩ የተማረውን እጅ ለልጁ የሚያስተላልፈው በዚያ ሥራ ላይ ነው። በጦርነት ዘመን ሥርዓቱ ከ100 ዓመት በላይ ተቋርጦ እንኳ ተመልሷል። እኛ ስናፈርስ ግን አናጺውን ወደ ቀን ሥራ እንሸኘዋለን። ከሁላና ከአርቤጎና ደጋ በሚወርድ ቀርከሃ የሲዳማን ቤት የሚጎነጉን ሰው በዚህች ከተማ ሥራ የሚያገኘው የሎጅ ባለቤት ለፈረንጅ እንግዳ ጌጥ ሲፈልግ ብቻ ነው።

መሐንዲሱ፦ ሰዎች ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት ይሻሉ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለምትሠራ ልጅ የቤት ኪራይ እንጂ የቀርከሃ ጥበብ አያስጨንቃትም።

ጡረተኛው መምህር፦ ክርክሩ አዲስ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን በ1924 ዓ.ም. በጎበኙ ጊዜ የሚያስቡት ይህንኑ ነበር፤ የ1923ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓንን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት አብነት አድርጎ የተረቀቀ ነው። መቶ ዓመት ሊሞላን ነው ጃፓንን እያየን ስንገረም። የሚገርመኝ ከዚያ አገር የምናመጣው ዘወትር አድናቆቱን እንጂ ሕጉን አለመሆኑ ነው። የሆርዩጂ መቅደስ ዋና አዳራሽ በ1949 እ.ኤ.አ. ተቃጥሎ የግድግዳ ሥዕሎቹ በተጎዱ በዓመቱ፣ ጃፓኖች የቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጡ፤ ሕጉም ሕንፃን ብቻ ሳይሆን የሰውን እጅ ጥበብ ጭምር ቅርስ አድርጎ ቆጥሯል።

የሞኖፖል ልጅ፦ መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም ሕግ የለንም አይበሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚዳሰሰውንም የማይዳሰሰውንም ያካትታል። የጎደለን ወረቀት አይደለም።

ጡረተኛው መምህር፦ ወረቀት የለንም አላልኩም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ ሲፈርስ አዋጁ የት ነበር?

የሞኖፖል ልጅ፦ አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሄድን። የፒያሳን ጉዳይ እዚያ ላሉት ተዉላቸው፤ የራሳችን ከተማ ጉዳይ አልቆ ነው?

የታቦር ሥር፦ መምህርን ለቀቅ ያድርጓቸውና ወደ ተጓዡ ቃል እንመለስ። «ሳይጋፉ» ያለውም ቢሆን እውነት አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. 131 ሜትር ከፍታ ያለው የኪዮቶ ማማ ሲሠራ ብዙዎች ተቃውመዋል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ግዙፉ የባቡር ጣቢያም እንዲሁ የከረረ ጠብ አስነሥቷል። ከተማዋ በ2007 እ.ኤ.አ. በመሐል አካባቢ የሕንፃዎችን ከፍታ ከ31 ሜትር እንዳይበልጥ የወሰነችው ሲጋፉ ስላየች ነው። እዚያ ያለው ስምምነት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ተጣልተው ያገኙት ነው። የእኛ ሰው ግን ጠቡን ሳያይ ፎቶውን አንሥቶ መጣ።

መሐንዲሱ፦ ታዲያ በሐይቁ ዳር 31 ሜትር ይከልከል ነው የሚሉት? ሆቴሎቹን ማን ሊያሳንሳቸው ነው?

የታቦር ሥር፦ እኔ የምለው አንድ ሰው ተነሥቶ ይጠይቅ ነው። አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው የዓመት መለወጫውን ቀን የሚወስኑበት ሥርዓት ያለው ሕዝብ፣ የበዓሉ አደባባይ ዙሪያው ምን ያህል ፎቅ እንደሚከበብ የመጠየቅ መብት አለው።

የሞኖፖል ልጅ፦ አሁንም መልስ አላገኘሁም። በከተማው ወሰን ውስጥ የሚታይና የሚዳሰስ አንድ ጥንታዊ ነገር ጥቀሱልኝ አልኩ፤ ወደ ኢሴ ወሰዳችሁኝ፣ ከዚያ ፒያሳ። ቀጥሎ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የተመዘገበውን የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር እንደምታመጡብኝ አውቃለሁ፤ እሱም ዲላ በኩል ነው።

ቀርከሃ፦ ጌዴኦን ያነሡት እርስዎ ነዎት። እኔ የጠቀስኩት ቀርከሃውን የሚጎነጉነውን ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚኖረው በከተማው ወሰን ውስጥ ነው።

መሐንዲሱ፦ ሰውየው ፈቃደኛ ከሆነ ለአንድ ቤት ስንት ብር እንደሚጠይቅ ይጻፉልንና፣ እኔ ደግሞ የብሎኬቱን ዋጋ ከጎኑ አስቀምጣለሁ።

ቀርከሃ፦ የጥገናውን ወጪና የሙቀቱን ነገር ጨምረው ያስሉት። ደግሞም በብሎኬት ቤት ውስጥ መጋቢት ላይ እንዴት እንደሚታደር ተከራይዎን ይጠይቁ።