ድሬ ላይ ታብሌት ለምትገዙ፦ ከሳይት የመጣ ጥቆማ

ሰላም ድሬዎች! "አቦ የቱን ታብሌት ልግዛ?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በዝቶብኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብያለሁ። ሥራዬ ሳቢያን አካባቢ ሕንፃ ሳይት ላይ ነው። ስለዚህ ዕቃ የምመዝነው በአቧራ፣ በፀሐይና ሲሚንቶ በነካው እጅ ነው። ፊልም ለማየትና ለልጆች ጥናት ብቻ የምትፈልጉ ትንሽ ወረድ በሉ፣ ለእናንተም በቅናሽ የሚገኝ አለ።

እኔ የያዝኩት ጋላክሲ ታብ ኤስ10 ኤፍኢ ነው። ሳምሰንግ በኤፕሪል 2025 ያወጣው። ከገዛሁት ስድስት ወር አልፎታል፣ እስካሁን ግን ከቦርሳ ባወጣሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ስክሪኑ 10.9 ኢንች ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 497 ግራም፣ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። በፊት በብብቴ ይዤው የምዞረው የድሮዊንግ (የሕንፃ ንድፍ) ጥቅል ከዚህ በጣም ይከብድ ነበር።

ከሁሉም በላይ ልቤን የወሰደው ብዕሩ ነው። ከካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል፣ ለብቻ አይገዛም። ባትሪ የለውም፣ ቻርጅም አይደረግም። ስክሪኑ ራሱ ከሥር በሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ነው ኃይል የሚያገኘው። ጫን ስትሉ መስመሩ ይወፍራል፣ ቀለል ስታደርጉት ይቀጥናል። መብራት ጠፍቶ ቢያድርም ብዕሩ ጠዋት ይሠራል። ይሄ ድሬ ላይ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ጠዋት ልንገራችሁ። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን የአርማታ ወለል፣ የምንሞላበት ቀን ነው፣ ገና 1 ሰዓት። ኮንሰልታንቱ የቢሙን (ሶሌታውን የሚሸከመውን አግዳሚ) ብረት ሊያይ መጣ። ወረቀቱን ሲዘረጋ ነፋስ አነሳው፣ ደግሞ የቆየ ቅጂ ሆኖ ተገኘ፣ የተሻሻለው ገና አልታተመም። ታብሌቱን ከፈትኩና የተሻሻለውን ፒዲኤፍ አወጣሁ፤ ቢሙ ኮለኑ (ቋሚው ምሰሶ) ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በሁለት ጣት አጉልቼ ሳሳየው የስታፋው (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት ብረት) ርቀት 15 ሳንቲም ይላል፣ ብረቱ ላይ ሜትር ስናሳርፍ ግን 20 ነው። ድሮዊንጉ ላይ በቀይ ከበብኩት፣ የብረቱን ፎቶ አንስቼ ጎኑ ለጠፍኩ፣ እዚያው ቆሜ በቴሌግራም ለቢሮ ላክሁ። ሙሌቱ ሁለት ሰዓት ዘገየ፣ ስታፋውም ተጨመረ። በወረቀት ቢሆን ይሄ ነገር ወይ ቀኑን ሙሉ ያቆመን ነበር፣ ወይ ደግሞ ሳይታይ አርማታ ይፈስበት ነበር።

ፎርማናችን በዕድሜ አባቴ ይሆናል። "አምጣው እስቲ ዋሪያ!" ብሎ ብዕሩን ተቀበለኝ። ሲሚንቶ የደረቀበትን መዳፉን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ ስታፋው የሚታጠፍበትን መንጠቆ ሣለልኝ። መዳፉ ያረፈበት ቦታ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተወም፣ የተሣለው ብዕሩ የነካው ብቻ ነው። ከዚያ የስክሪኑን አቧራ ከበርሜል በጣሳ ቀድቼ አጠብኩት። አዎ፣ በውሃ! አይፒ68 የሚባለው ደረጃ ያለው ዕቃ ነው። 6ቱ አቧራ ጨርሶ አይገባውም ማለት ነው፣ 8ቱ ደግሞ ንጹህ ውሃ ውስጥ 1.5 ሜትር ድረስ ለ30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። ብቻ ከታጠበ በኋላ የቻርጀሩ ቀዳዳ ሳይደርቅ ገመድ እንዳትሰኩበት።

ውስጡስ? 8 ጊጋ ራም ከ128 ጊጋ ማከማቻ ጋር፣ ወይም 12 ጊጋ ራም ከ256 ጋር ይመጣል። ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል። እኔ 8ቱን ነው የገዛሁት፣ ለአውቶካድ (የንድፍ መሥሪያ አፕ ነው) እና ለከባድ ፒዲኤፍ አልከበደውም። ኪቦርድና ማውዝ በብሉቱዝ ስታገናኙለት ደግሞ ዴክስ የሚባለው አሠራር አለው፣ ስክሪኑ እንደ ኮምፒውተር ይሆንና መስኮቶች ጎን ለጎን ይከፈታሉ። የቀን ሪፖርቴን ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ማኪያቶዬን እየጠጣሁ የምጨርስበት ቀን አለ፣ ላፕቶፕ ሳልይዝ። ሪፖርቱንም ብዙ ጊዜ አልተይበውም። የጉግል ኪቦርድ ከ2017 ጀምሮ አማርኛ በድምፅ ይቀበላል፣ እናገራለሁ እሱ ይጽፋል። "ሶሌታ" እና "ስታፋ" ላይ ይሳሳታል፣ እነሱን በእጅ አስተካክላለሁ። ግን አስቡት፣ ፎርማኑ ራሱ በአፉ የቀን ውሎውን ነግሮት የሚጽፍ ዕቃ! እኔ የዚህ ነገር መጨረሻ ሩቅ ነው ባይ ነኝ፣ እጃችን ላይ ያለውን ገና ሩቡን አልተጠቀምንበትም።

አሁን ስለ ሙቀት። ይሄን የሚነግራችሁ ሻጭ የለም። ሳምሰንግም አፕልም ዕቃቸውን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ ተጠቀሙ ነው የሚሉት። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬን ቀን ታውቁታላችሁ፣ 35ን የሚያልፈው ገና ምሳ ሳይደርስ ነው። ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ መጀመሪያ ስክሪኑ ደብዘዝ ይላል፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል፣ ቻርጅ ላይ ከሆነ ደግሞ መሙላቱን ይቀንሳል ወይ ያቆማል። ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ ጠጋኝ ቤት እንዳትሮጡ፣ ራሱን እየጠበቀ ነው። እኔ ቀትር ላይ ቻርጅ አላደርግም፣ ማታ ወይ ንጋት ላይ ነው የምሰካው። በባትሪ ቅንብሩ ውስጥም 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም አድርጌዋለሁ፣ ባትሪን በሙቀት ውስጥ ሞልቶ ማቆየት ዕድሜውን ይበላዋል። መኪና ውስጥ፣ መስታወት ሥር መተውማ በፍጹም። የሚገርመው ያው ታብሌት ሐረር ስወጣ ሌላ ዕቃ ይመስላል። ደንገጎን እንዳለፍን አየሩ ይቀየራል፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ቀዝቀዝ እንዳለ ይሠራል።

አይፓድ ለምትሉኝ። አይፓድ ፕሮ ኤም4ን ከአንድ አርክቴክት ወዳጄ ጋር አይቼዋለሁ፣ ወንድሙ ከውጭ ልኮለት ነው። አሠራሩ ያስደንቃል። የ13 ኢንቹ ውፍረት 5.1 ሚሊሜትር ነው። ስክሪኑ ሁለት ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራ ስክሪን) ተደራርቦ የተሠራ ስለሆነ ፀሐይ ላይም ይነበባል። ከኋላ ያለው ላይዳር ግን ከሁሉ በላይ ነው፣ ብርሃን ልኮ በመልሱ ርቀት የሚለካ መሣሪያ ነው። ከዚራ ውስጥ አንድ የቆየ ቤት ሊያድስ ነበርና ክፍሉን አንዴ ዞሮት የግድግዳው፣ የበሩና የመስኮቱ ፕላን ስክሪኑ ላይ ወጣለት። በሜትር ስንፈትሸው ረጅሙ ግድግዳ ላይ የተለየው 3 ሳንቲም ነው። ለዝርዝር ሥራ አይበቃም፣ ለመነሻ ፕላን ግን የግማሽ ቀን ሥራ በ5 ደቂቃ ማለት ነው። እነዚያን የባቡሩ ዘመን ቤቶች አንድ በአንድ እንዲህ ብንመዘግባቸው እያልኩ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ባለ 11 ኢንቹ በ999 ዶላር፣ ባለ 13ቱ በ1,299 ነው የጀመረው፣ ብዕሩ ለብቻው። ኤም5ቱ በኦክቶበር 2025 ስለወጣ ኤም4ን ያገለገለ ፈልጉ፣ ለሥዕልና ለዲዛይን ከሆነ ያዋጣል።

መደበኛው አይፓድ፣ የ2025ቱ ባለ ኤ16 ፕሮሰሰር፣ በ349 ዶላር ነው የወጣው። ፈጣን ነው፣ ለተማሪ ደህና ነው። እኔ ግን ለሳይት አልመርጠውም። አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ የለውም፣ ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፣ ርካሹ የታይፕ ሲ ብዕር ደግሞ ጫን ማለትን አይለይም። ያገለገለ አይፓድ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ከአካውንቱ ይውጣ፣ ከዚያ ራሳችሁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሳችሁ እንደ አዲስ ክፈቱት። የሌላ ሰው ኢሜይል ከጠየቀ ተዉት፣ የሚያምር ጡብ ነው።

ለፊልምና ለጥናት፦ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ። 11 ኢንች፣ አራት ስፒከር፣ የኢርፎን ቀዳዳ አለው። 8 ጊጋ ራም ያለውን ውሰዱ፣ 4ቱ ቶሎ ይደክማል። ሬድሚ ፓድ ኤስኢም ጥሩ ስክሪንና 8,000 ሚሊአምፒር ባትሪ አለው፣ ነገር ግን ቻርጅ የሚያደርገው በ10 ዋት ነው። መብራት ለሁለት ሰዓት ብቅ ብላ ስትጠፋ 10 ዋት የትም አያደርሳችሁም። ኤስ10 ኤፍኢ ያው 8,000 ሆኖ እስከ 45 ዋት ይቀበላል፣ ይሄን የምታደንቁት በዚያች ሰዓት ነው። ቻርጀሩ ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም፣ ኦሪጅናል ግዙ፣ ቆጥቢው ሰው እዚህ ጋ አይቆጥብ።

ገበያው። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ገብታችሁ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ አንደኛው ጋ እንዳትይዙ። ብሩን ያልጻፍኩት ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው በየሰሞኑ ስለሚቀያየር ነው። ይልቅ የሞዴሉን የዶላር ዋጋ ያዙና አነጻጽሩ። በ499 ዶላር የወጣ ዕቃ ታሽጎ በግማሽ ዋጋ ከቀረበላችሁ አንድ ነገር አለበት።

እኔ አንዴ ተታልያለሁ። ለእህቴ ልጅ "12 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ" የሚል ተለጣፊ ያለው ታብሌት ገዛሁ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ብራንድ። ልጅቷ የትምህርት ቪዲዮ ስትከፍት ይቆማል፣ ደግሞ ይከፈታል፣ ደግሞ ይቆማል። በመጨረሻ ሲፒዩ ዚ የሚባለውን አፕ ጭኜ ሳየው እውነተኛው ራም 2 ጊጋ ነበር። ቅንብሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ተጽፎበት እንጂ የለም። የልጅቷ ፊት እስካሁን ይታየኛል። ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍሉ ሱቁ ውስጥ ይህን አፕ ጫኑ፣ ሻጩ ካልፈቀደ ውጡ። ማከማቻውን ለመፈተሽ ደግሞ ትልልቅ ፊልሞች በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ገልብጡበት፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ የገባውን ክፈቱ። ውሸት ከሆነ አይከፈትም።

ሲም ያለው ይሻላል ወይ ዋይፋይ ብቻ? ቀኑን ውጭ የምትውሉ ከሆነ ሲም ያለውን። የስልክ ሆትስፖት በዚህ ሙቀት ስልኩንም ያቃጥለዋል። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ላይ ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬ ስለሆነ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለቱንም የምናውቃቸው ነን። ሥራ ቦታችሁ ላይ በስልካችሁ ሁለቱንም ሞክሩና የሚይዘውን አስገቡ፣ ሰፈር ለሰፈር ይለያያል።

የመጨረሻው ታብሌቴን የምይዝበት ከረጢት ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ለኤስ10 ኤፍኢ የሚሆን ደህና ኮቨር ድሬ ላይ አጣሁ። ያገኘሁት ላስቲክ ነገር ሙቀት አፍኖ ይይዛል። አንድ ቅዳሜ በዶልፊን ሚኒባስ ሐረር ወጣሁና ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ገባሁ። ስሙን ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ያገኘው መንገድ ነው፣ በግራ በቀኝ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ለአንዱ አባት ታብሌቱን ሰጠኋቸው። ጋዜጣ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በጠመኔ አሠመሩ፣ ሁለት ጣት ጨመሩበት። ውጩን ወፍራም ጂንስ፣ መሐሉን ስስ ስፖንጅ፣ ውስጡን ለስላሳ የብርድ ልብስ ጨርቅ አደረጉት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አልቆ ነበር። የከፈልኩት ከላስቲኩ ያነሰ ነው፣ በስድስት ወር አንድ ክር አልተመዘዘም። ስታሠሩ ሁለት ነገር ንገሯቸው፦ ዚፕ አይሁን፣ ጥርሱ ጠርዙን ይጭራል፣ በክዳን ይዘጋ። የብዕሩን ኪስ ደግሞ ከውጭ በኩል ጠበብ አድርገው ይስፉት፣ የኔ ሰፍቶ ብዕሩ ሁለት ጊዜ ወድቆብኝ ተመልሼ አስጠብቤዋለሁ።