ፖስታ ቤት ጡረታ መክፈሉን ይተው ወይስ ይቀጥል?

አወያይ፦
ለዛሬ የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። ጡረታ በሚከፈልበት ሰሞን በየከተማው ፖስታ ቤት ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ይታያል። ሰልፉ ላይ ጡረታ ተቀባዩ፣ አደራ ደብዳቤ ላኪው፣ ከውጭ የመጣለትን ጥቅል የሚያወጣው፣ የሳጥን ኪራይ የሚከፍለው ሁሉ አንድ ላይ ቆሟል። አንዳንዶቻችሁ «ፖስታ ቤት የፖስታ ሥራውን ብቻ ይሥራ፤ ጡረታው ወደ ባንክና ወደ ቴሌብር ይሂድ» ብላችኋል። ሌሎቻችሁ አጥብቃችሁ ተቃውማችኋል። በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገልግሎቱ ሲጀመር ሥራው ደብዳቤ ነበር፤ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ጥቂት ነው። ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ አቅርቡ። ስድብ አይፈቀድም፤ ሠራተኛን በስም መጥራትም እንዲሁ።

ሸማ ላኪዋ፦
እኔ ይተው ባይ ነኝ። ነጠላና ጋቢ ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች እልካለሁ። በግል የፈጣን መልእክት ድርጅት ብልከው የመላኪያው ዋጋ ከነጠላው ይበልጣል፤ ስለዚህ የእኔን አቅም የሚችለው ፖስታ ቤት ብቻ ነው። ጥቅሉን ማስመዘን፣ የጉምሩክ መግለጫውን መሙላት፣ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል፣ ይኼ ሁሉ ቶሎ ያልቃል። የሚያንገበግበኝ መስኮቱ ጋ እስክደርስ ያለው ነው። ጡረታ በሚከፈልበት ሰሞን መሄዱን ትቼዋለሁ። ያ ማለት በየወሩ የተወሰኑ ቀናት ሥራ ፈትቼ እቀመጣለሁ ማለት ነው፤ ደንበኛዬ ደግሞ «ለምን ዘገየ?» እንጂ «ሰልፉ እንዴት ነበር?» አትለኝም። አረጋውያኑን ከቶ አልነቅፍም፤ እናቴም ጡረታ ተቀባይ ናት። ግን እሷስ ብትሆን ፀሐይ ላይ ቆማ ከምትውል ብሩ ስልኳ ላይ ቢገባላት አይሻልም?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እናትሽን ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ግን አይሻልም እላለሁ። እኔ ያለሁበት ከተማ ትንሽ ናት። ከእኛ መካከል ስልኩን ራሱ የሚነካካው ጥቂቱ ነው። የምስጢር ቁጥሩን የሚያውቀው ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ነው፤ ስልኩን የያዘው ደግሞ ብሩን ያዘ ማለት ነው። ልጆቻችን ሌቦች ናቸው ማለቴ አይደለም። ሠላሳና አርባ ዓመት አገልግሎ ያገኘውን ሰው በገዛ እጁ ቆጥሮ መቀበል አለበት ነው የምለው። ፖስታ ቤት ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በመልክ ታውቀኛለች፤ ደብተሬን አይታ፣ አስፈርማ፣ ፊቴ ላይ ቆጥራ ትሰጠኛለች። ይህን የሚተካ ነገር ሳታመጡ ይህን አታንሱብን። ደግሞም ሰልፉን እኛ አላመጣነውም። መስኮቱ ብዙ ነው፤ የተከፈተው ግን አንድ ነው።

የቀድሞ የፖስታ ሠራተኛ፦
ጋሼ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ነው ዋናው። ከመስኮቱ በስተጀርባ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና እዚያ ያለውን ልንገራችሁ።

አነስተኛ ቅርንጫፍ ውስጥ ቴምብር የሚሸጠው፣ ጥቅል የሚመዝነው፣ አደራ ደብዳቤ መዝግቦ የሚያስረክበውና ጡረታ የሚከፍለው ሰው አንድ ነው። ጡረታ ሲከፈል ገንዘቡ በካዝና ተዘጋጅቶ አይጠብቅም፤ ጠዋት ኃላፊው ባንክ ሄዶ ያወጣል። ባንክ ከዘገየ ሰልፉ ቆሞ ይጠብቃል። ውጭ ያለው ሰው ይህን ስለማያይ ሠራተኛው ቡና ሲጠጣ የቆየ ይመስለዋል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ባለመብት ጋር ደብተር ማመሳከር፣ የሌላውን ወክሎ የመጣ ካለ ውክልናውን ማየት፣ ማስፈረም፣ መፈረም ለማይችል የጣት አሻራ ማስቀመጥ አለ። ማታ ሂሳብ ጎድሎ ከተገኘ ከሠራተኛው ኪስ ነው። ስለዚህ ማንም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ እኔም ቀስ ብዬ ነበር የምቆጥረው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ፖስታ ቤት ጡረታ የሚከፍለው በነጻ አይደለም፤ ኮሚሽን ያገኝበታል። በደብዳቤ ብቻ በሩን ከፍቶ መቆየት የሚችል የወረዳ ቅርንጫፍ እኔ አላውቅም። ጡረታውን ዛሬ ብታነሱት ነገ የሚዘጋው ያ ቅርንጫፍ ነው። ሲዘጋ ደግሞ አደራ ደብዳቤውም፣ ጥቅሉም፣ ሳጥኑም አብሮ ይሄዳል። እህቴ ሸማ ላኪዋ ትልቅ ከተማ ስላለች አይነካት ይሆናል፤ ከገጠር ጥልፍ የምትልክ ሴት ግን ትነካለች።

ችግሩ ሥራ መደረቡ ላይ አይደለም። ሥራ ሲደረብ ሰውና መስኮት አለመጨመሩ ላይ ነው። ፓስፖርት በፖስታ ቤት በኩል ይታደል የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ፤ አደራው መጣ፣ ሰልፉ መጣ፣ መስኮቱ ግን ያው ነበር። አዲስ ሥራ የሚያመጣው መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን ደመወዝ አብሮ ካላመጣ፣ የሚሸከመው ጡረተኛውና ደብዳቤ ላኪው ነው።

የባንክ ሠራተኛ፦
ወንድሜ የሠራተኛውን ሸክም በደንብ አሳይተኸናል፤ ከድምዳሜህ ጋር ግን አልስማማም። ቅርንጫፉን ለማቆየት ሲባል አረጋውያን ይሰለፉ ማለት ትክክል አይደለም። ቅርንጫፉ አስፈላጊ ከሆነ መንግሥት በግልጽ ይደጉመው። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፤ ወኪሉ ሰፈር ድረስ ነው። የባንክ ሂሳብ ያለው ጡረተኛ ደግሞ በፈለገው ቀን ያወጣል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን አይመጣም። ሰልፉን የሚፈጥረው ይኼው አንድ ሰሞን ላይ መከማቸቱ ነው። ጋሼ ያነሱት የምስጢር ቁጥር ጉዳይ እውነት ነው፤ በባንክ መስኮትም በጣት አሻራ የሚከፈልበት መንገድ ግን አለ።

ጡረተኛው መምህር፦
ባንኩ ባዶ ነው ያለህ ማን ነው ልጄ? በእኛ ከተማ በገበያ ቀን የባንኩ ሰልፍ ከፖስታ ቤቱ ይብሳል። «ሲስተም የለም» የሚለውንም ከዚያ ነው የሰማሁት። የጣት አሻራስ? አርባ ዓመት ጠመኔና ዶማ የያዘ ጣት መሣሪያው አያነበውም፤ ሦስት ጊዜ አስነክተውኝ «ነገ ይመለሱ» የተባልኩ ሰው ነኝ።

ከሜሪላንድ፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፤ ጥቅል ወደ አገር ቤት ስለምልክ ጉዳዩ ይመለከተኛል። እዚህም ፖስታ ቤት ሥራ ይደርባል። የፓስፖርት ማመልከቻ የሚቀበል ፖስታ ቤት ብዙ ነው። ግን በአብዛኛው በቀጠሮ ነው፤ ፓስፖርት ሊያስሞላ የመጣ ሰው ቴምብር ከሚገዛው ፊት አይቆምም። ሰልፍ እዚህም አለ፣ በበዓል ሰሞን በተለይ። ትልቁ ልዩነት የምለው ሌላ ነው፦ እዚህ ደብዳቤ በር ላይ ይመጣል። አገር ቤት ለብዙ ዘመን ሁሉም ነገር በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው የሄደው። ቤት ድረስ የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ሰው ወደ መስኮቱ ይመጣል። ጡረተኞቹን ብታስወጧቸውም ይህ አይቀየርም።

ሸማ ላኪዋ፦
ይህን አላሰብኩበትም ነበር፤ ልክ ነህ ወንድሜ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ስትልክልን የመቀበሉ ጣጣ ደግሞ አለ። ከውጭ የመጣ ጥቅል የጉምሩክ ሠራተኛ ሳያየው አይወጣም። ማሳወቂያ ወረቀት ይመጣል፤ ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ የጉምሩኩ ሰው ከሌለ ትጠብቂያለሽ። ፖስታ ቤቱ ምንም ሳያጠፋ ስድቡን የሚቀበለው የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ነው። አገሪቱ በ1901 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነች ናት፤ የኅብረቱን ልዩ ጉባኤ በ2010 ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ አስተናግዳለች። እዚህ የደረሰ ተቋም ጉምሩኩ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ በር ላይ መለጠፍ አያቅተውም።

የባንክ ሠራተኛ፦
በጉምሩኩ እስማማለሁ። ጡረታው ላይ ግን ቢያንስ ምርጫ ይሁን፤ በባንክ የሚፈልግ በባንክ፣ በፖስታ የሚፈልግ በፖስታ። የፈለጉት ሲወጡ ሰልፉ ይቀንሳል።

የቀድሞ የፖስታ ሠራተኛ፦
ምርጫ ይሁን ካልክ እኔም አብሬህ ነኝ፤ ማንም ተገዶ ከመስኮቱ አይባረር። ለሚቀሩት ደግሞ ክፍያው በደብተር ቁጥር ተከፋፍሎ በተለያየ ቀን ይሁን። አንድ መስኮት ለጡረታ ብቻ፣ ሌላው ለደብዳቤና ለጥቅል። መቀመጫ ወንበርና ጥላ ደግሞ ኮሚሽን እስኪሰላ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ጡረተኛው መምህር፦
ወንበሩን እግዜር ይስጥልኝ። በቁጥር መከፋፈሉ ላይ ግን ቆም በሉ። ከገጠር የሚመጣው ጡረተኛ በገበያ ቀን ነው የሚመጣው፤ ያኔ ነው መኪናም የሚገኘው፣ ጨውና ዘይቱን ገዝቶ የሚመለሰውም። ቁጥርህ ማክሰኞ ነው ብትሉት ሁለት ጊዜ የመኪና ይከፍላል።

ሸማ ላኪዋ፦
እንግዲያው የገበያው ቀን ለገጠሩ ይተው፤ ከተማው ውስጥ ያሉት በቁጥራቸው ይምጡ። እኔም በገበያ ቀን ጥቅል አላመጣም።

ጡረተኛው መምህር፦
በዚህ ከሆነ ከአንቺ ጋር ተስማምቻለሁ። ጡረታው ግን ከመስኮቱ አይነሳ።