«ጫማህን ያወለቅህ ዕለት ሰግደሃል»

መንገደኛው፦
ከስሪላንካ ያመጣኋቸውን የዳምቡላ ዋሻ፣ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው፣ ፎቶዎች ትናንት እዚህ ለጥፌ ስልኬ ሲንጫጫ አደረ። ስድቡን ችያለሁ። ያንገበገበኝ «ጫማህን ያወለቅህ ዕለት ሰግደሃል» የሚለው ነው። አልተንበረከኩም፣ ጧፍ አላበራሁም፣ አበባ አላኖርኩም። በር ላይ አውልቅ አሉኝ፣ አወለቅኩ፣ አይቼ ወጣሁ። ይኼ ነው ክህደት?

ወለተ ጊዮርጊስ፦
እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። ሙሴ ጫማህን አውጣ ሲባል ምክንያቱ አብሮ ተነግሮታል፤ የቆመበት መሬት ቅዱስ ነበር። እኛም ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የምናወልቀው ለዚሁ ነው። አንተ እዚያ ስታወልቅ ስፍራው ቅዱስ ነው ማለትህ ካልነበረ ለምን አወለቅህ?

መንገደኛው፦
የሰው ቤት ስለሆነ። አያቴ ቤት ስገባም አወልቃለሁ፤ ለአያቴ ግን አልሰግድም።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
አያትህ ቤት 14 ሜትር የተጋደመ ጣዖት የለም።

ሳሚ ዘዱባይ፦
እኔም ሄጃለሁ። በእኩለ ቀን ዓለቱ ባዶ እግር ይጠብሳል፤ ውስጡ ስትገቡ ግን ብርድ ነው። የትልቁ ዋሻ ጣሪያ በሙሉ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ የዓለቱን እጥፋት እየተከተለ ስለሚሄድ የተወጠረ ጨርቅ ይመስላል። ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ድርቅ ቢሆንም አይቋረጥም ይላሉ፤ በዕቃ እየተቀበሉ ለሥርዓታቸው ያውሉታል። ላሊበላ አጠገብ ያለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን፣ ናኩቶ ለአብ፣ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። የእነሱ ላሊበላ ነው።

የላስታው፦
«የእነሱ ላሊበላ» ያልከውን አንሳ። ላሊበላ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ ከአንድ ዓለት የወጣ ሕንፃ ነው፤ ዓምዱም መስኮቱም ያው ዓለት ነው። ዳምቡላ ተፈጥሮ ያበጀችው የዓለት ጥላ ነው፤ ከፊቱ ግንብ አቁመው 5 ክፍል አደረጉት። በፎቶው የምታዩት ነጭ በረንዳ እንኳ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ማነጻጸር ካማረህ ዋሻ ውስጥ ከታነጸው ከይምርሐነ ክርስቶስ ጋር አነጻጽር። ናኩቶ ለአብን ግን ተው፤ እዚያ የሚንጠባጠበው ጠበል ነው።

ሳሚ ዘዱባይ፦
ጠበል አይደለም ያለ ማን ነው? ትዝ አለኝ ነው ያልኩት! ንጉሣቸው ቫላጋምባ ከወራሪ ሸሽቶ 14 ዓመት እዚያ ተሸሸገ፣ ዙፋኑን ሲያስመልስ ዋሻውን ቤተ መቅደስ አደረገው ይላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ታሪክ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀው ያቆዩትን ሰዎች ባከብር ከሃይማኖቴ ምን ይጎድላል?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ የሶርያውን የጦር አለቃ ንዕማንን አስታውሱ። ጌታው በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ እጁን ደግፎ አብሮ እንደሚጎነበስ ለኤልሳዕ ነገረው፤ ነቢዩም በሰላም ሂድ አለው። ጳውሎስም በአቴና የሚያመልኩትን እየዞረ ተመልክቷል፣ ከዚያም ተነሥቶ ነው ያስተማራቸው። ማየት በራሱ አያረክስም።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ንዕማን ግን ሎሌ ነበር፣ ግዴታው ነበር፣ ይቅርታም ለምኗል። መንገደኛው ትኬት ቆርጦ ነው የገባው። ሠለስቱ ደቂቅ እሳት ሲነድድላቸው እንኳ እንቢ አሉ። ደግሞ ጳውሎስ ራሱ በጣዖት ቤት ተቀምጠህ የሚያይህ ደካማ ወንድምህ ይሰናከላል ብሎ ጽፏል። አንተ 153 የቡድሃ ምስል ካለበት ቤት ፎቶ አንስተህ ለሺህ ሰው አሳየህ።

መንገደኛው፦
ላሊበላ የሚመጣ ጃፓናዊ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ «ሰገደ፣ ተጠመቀ» ትያለሽ? ጨዋ እንግዳ ነው ትያለሽ እንጂ። ጫማውን እንዳደረገ ቢገባ ደግሞ መጀመሪያ የምትጮሂው አንቺ ነሽ። ለእኛ ሲሆን ጨዋነት፣ ለእነሱ ሲሆን ክህደት?

ወለተ ጊዮርጊስ፦
አዎ፣ አንድ አይደለም! ሁለቱ ቤቶች አንድ ናቸው ብዬ ስለማላምን ነው ክርስቲያን የሆንኩት።

የላስታው፦
እዚህ ላይ እህቴ ልክ ነች። ጨዋነት ከሆነ ግን እነሱም ቀልድ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሦስት ፈረንሳዮች የቡድሃን ሐውልት የሚስሙ መስለው ፎቶ ተነሥተው በገደብ እስራት ተፈርዶባቸዋል። በ2014 አንዲት እንግሊዛዊት ክንዷ ላይ ቡድሃ በመነቀሷ ከአገራቸው ተባርራለች። እኛ ጋ ፈረንጁ ቅዳሴ መሐል ካሜራ ሲደቅን ዝም ነው። ይኼ ያቃጥለኛል።

ሳሚ ዘዱባይ፦
ከፈረንጁ ይልቅ እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ዳምቡላ የውጭ ሰው ይከፍላል፣ የሀገሩ ሰው አይከፍልም። እኔን ግን በገዛ አገሬ አንድ ቅርስ በር ላይ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ ፓስፖርትህ የውጭ ነው ብለው የፈረንጅ ዋጋ አስከፈሉኝ። ልሳለም ነበር የመጣሁት።

የላስታው፦
ፓስፖርቱን የቀየርከው አንተ ነህ።

ሳሚ ዘዱባይ፦
እንጀራ ነው ያስቀየረኝ! ማተቤን አልቀየርኩም።

ጡረተኛው መምህር፦
ወደ ጉዳያችሁ ተመለሱ።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
እኔ አልወጣሁም። መንገደኛው፣ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ልጆችህን ይዘህ ትገባ ነበር?

መንገደኛው፦
ይዣቸው ነው የገባሁት። ሦስተኛው ፎቶ ላይ የትንሿን ጫማ ሳወልቅላት ታዪኛለሽ።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
አይቼዋለሁ። እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።