የቆመውን ፕሮግራም «አለ» የሚለኝ የፕሮሰስ ፍለጋ

የማታው ተረኛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ድርጅት ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነባቸውን ሁለት ሰርቨሮች እጠብቃለሁ። በአንደኛው ላይ በጃቫ የተጻፈ የደመወዝ ማስሊያ ፕሮግራም ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ፕሮግራሙ አልፎ አልፎ ሳይታሰብ ስለሚዘጋ፣ በክሮን (ሥራዎችን በሰዓታቸው በሚያስነሣው አገልግሎት) በየአምስት ደቂቃው የሚነሣ አጭር ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ጽፌ «/ኦፕት/ደመወዝ/ጠብቅ.ኤስኤች» ብዬ አስቀመጥኩት። ስክሪፕቱ «ፒኤስ ኤዩኤክስ | ግሬፕ ደመወዝ» በሚለው ትእዛዝ ፕሮሰሱን፣ ማለትም በመሥራት ላይ ያለውን ፕሮግራም፣ ይፈልጋል (ፒኤስ ፕሮሰሶችን ይዘረዝራል፣ ግሬፕ ቃሉ ያለበትን መስመር ያወጣል)፤ ካገኘው ዝም ይላል፣ ካጣው ፕሮግራሙን ያስነሣል። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን መጻፋቸው የታወቀ ነው።)

ባለፈው ሳምንት ፕሮግራሙ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቆመ፤ ስክሪፕቱ ግን እስኪነጋ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሊያስነሣው አልሞከረም። ጠዋት ገብቼ ያንኑ ትእዛዝ በእጄ ስሰጠው አንድ መስመር ብቻ መለሰልኝ፤ መስመሩም «ግሬፕ ደመወዝ» የሚል ነበር። ፕሮግራሙ በደኅናው ጊዜ በዝርዝሩ ላይ የሚታየው እንዲህ ሆኖ ነው፦

«ጃቫ -ጃር /ኦፕት/ደመወዝ/ደመወዝ.ጃር --ፓስዎርድ=»

ፕሮግራሙ ወደ ዳታቤዙ የሚገባበትን የይለፍ ቃል የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ፍለጋው ራሱን እንዳይቆጥር ምን ላድርግ? በነካ እጃችሁም ይህን ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል፦ ፕሮግራሙ ሰርቨሩን ባጨናነቀበት ቀን ፒኤስ የሲፒዩ ድርሻውን 4 በመቶ ሲለው፣ በዚያው ደቂቃ ቶፕ (የፕሮሰሶችን ሁኔታ እያደሰ የሚያሳየው ትእዛዝ) 190 በመቶ ይለው ነበር። የትኛውን ልመን?

ባለ ጥቁሩ መስኮት

በፓይፕ («|») የተያያዙ ሁለት ትእዛዞችን ሼሉ (ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) የሚያስጀምራቸው አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እያለ ሳይሆን ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ ፒኤስ ዝርዝሩን በሚያነብበት ቅጽበት ግሬፕም ሕያው ፕሮሰስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የተጻፈበት ትእዛዝ ደግሞ «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ይዟል። ግሬፕ ራሱን አገኘ ማለት ነው። የድሮ ሰዎች «ግሬፕ '[ደ]መወዝ'» እያሉ የመጀመሪያውን ፊደል በቅንፍ የሚያስሩት ለዚህ ነው፦ ንድፉ (ለግሬፕ የተሰጠው የፍለጋ አጻጻፍ) ደመወዝ የሚለውን ቃል ያገኛል፣ የግሬፕ የራሱ መስመር ግን በመካከሉ ቅንፍ ስላለበት ከንድፉ ጋር አይገጥምም። ዘዴው ብልህ ነው፤ ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ ስክሪፕቱን የሚያነብ ሰው ቅንፉን የትየባ ስሕተት መስሎት ያጠፋዋል።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው መሣሪያ ፒግሬፕ ነው። ራሱን በውጤቱ ውስጥ ፈጽሞ አያስገባም፤ የሚመልሰውም የፕሮሰሱን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ለስክሪፕት ይመቻል። ካገኘ 0፣ ካጣ 1 ብሎ ይወጣል።

የሲፒዩውን ጉዳይ በተመለከተ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የተጠየቁት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ፒኤስ ፕሮሰሱ ከተነሣ ጀምሮ የወሰደውን የሲፒዩ ጊዜ በጠቅላላ ዕድሜው ያካፍላል። አሥር ቀን ተኝቶ የከረመ ፕሮሰስ ዛሬ ጠዋት ቢያብድ፣ የአሥሩ ቀን ዕንቅልፍ አማካዩን ዝቅ ያደርገዋል። ቶፕ ግን ካለፈው እድሳት ወዲህ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይለካል፤ አንድን ኮር (ከሲፒዩው የሥራ ክፍሎች አንዱን) 100 በመቶ ብሎ ስለሚቆጥርም 190 ማለት ወደ ሁለት የሚጠጉ ኮሮች ተይዘዋል ማለት ነው። አሁን የሆነውን ለማወቅ ቶፕን ይመኑ።

የማታው ተረኛ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሆኖም «ፒግሬፕ ደመወዝ» ስል ፕሮግራሙ እየሠራ እያለ እንኳ ምንም አልመለሰልኝም። አንድ ቦታ ላይ ያነበብኩትን «-ኤፍ» ጨምሬ በስክሪፕቱ ውስጥ ሳስገባው ደግሞ ፕሮግራሙን ሆን ብዬ ዘግቼውም ቢሆን «አለ» ይለኛል። ወደ ተነሣሁበት ተመለስኩ።

አሮጌ ሰርቨር

ሁለቱም ውጤቶች ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ «/ፕሮክ» በሚባለው ማውጫ ሥር በቁጥሩ የተሰየመ ክፍል ይከፍትለታል። በዚያ ውስጥ «ኮም» የተባለው ፋይል አጭር ስሙን፣ «ሲኤምዲላይን» የተባለው ደግሞ የተነሣበትን ሙሉ ትእዛዝ ይይዛል። ፒግሬፕ ምንም ካልታዘዘ የሚያየው አጭር ስሙን ነው። የእርስዎ ፕሮግራም አጭር ስሙ «ጃቫ» እንጂ «ደመወዝ» አይደለም፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚያውቀው የሚሠራውን ፕሮግራም እንጂ የተሰጠውን የጃር ፋይል (የጃቫ ፕሮግራም ጥቅል) አይደለምና። ከዚህም ሌላ ይህ አጭር ስም ከ15 ባይት አያልፍም፤ ረጅም ስም ያላቸው ፕሮግራሞች መጨረሻቸው ተቆርጦ ስለሚመዘገብ በሙሉ ስማቸው የሚፈልጋቸው ሰው ያጣቸዋል።

«-ኤፍ» ሲጨምሩ ፍለጋው ወደ ሙሉው ትእዛዝ ይዞራል። ያኔ የራስዎ ስክሪፕት ይያዛል፤ ፋይሉ የተቀመጠበት ማውጫ ስሙ «ደመወዝ» ነውና። ፒግሬፕ የሚዘልለው ራሱን ብቻ ነው፣ የጠራውን ባሽ (ስክሪፕቱን የሚያስኬደውን ሼል) አይዘልም። ስለዚህ ንድፉን ማጥበብ ያስፈልጋል፦

«ፒግሬፕ -ኤፍ '^ጃቫ.*ደመወዝ\.ጃር'»

ቆቡ («^») ትእዛዙ በጃቫ እንዲጀምር ያስገድዳል፤ ስለዚህ አንድ ሰው የጃር ፋይሉን ሲገለብጥ ወይም በኤዲተር ሲከፍት አይያዝም። መጀመሪያ ግን «-ኤ» ጨምረው በእጅዎ ይሞክሩት፤ ያገኛቸውን ፕሮሰሶች ከነሙሉ ትእዛዛቸው ያሳይዎታል። ፕሮሰስ የሚገድለው ፒኪል የተባለው ትእዛዝ የሚመርጠው በዚሁ ንድፍ ስለሆነ፣ ሳያዩ የሚጻፍ ንድፍ አንድ ቀን የማይገባውን ፕሮሰስ ይገድላል። እኔ በወጣትነቴ ፕሮሰሶችን በስም የሚገድለውን «ኪልኦል» የተባለውን ትእዛዝ ሊኑክስ ላይ እንደለመድኩት ሶላሪስ በተባለው ሌላ ሥርዓተ ክወና ላይ ሰጥቼው ማሽኑን በሙሉ አውርጄዋለሁ፤ እዚያ ትርጉሙ ቃል በቃል «ሁሉንም ግደል» ነበር።

ቀለም ወዳድ

ለዓይን ከሆነ በሩስት የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውንና ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረውን ፕሮክስን ይሞክሩ። «ፕሮክስ ጃቫ» ሲሉት በተጠቃሚ ስምና በትእዛዝ ውስጥ ይፈልጋል፤ ቁጥር ከሰጡት ደግሞ በፕሮሰስ ቁጥር። ዓምዶቹን በቀለም ከመለየቱም በላይ የተከፈተውን የቲሲፒ ፖርት ከጎኑ ማሳየት ይችላል። የቶፕ ዓይነት የሆነው ኤችቶፕም ጥሩ ነው፤ ኤፍ3 ወደ ተገኘው መስመር ሲወስድዎ ኤፍ4 ዝርዝሩን ያጣራል። አንድ የጃቫ ፕሮግራም በኤችቶፕ ላይ ሠላሳ መስመር ሆኖ ቢታይዎት አይደንግጡ፦ እነዚያ ትሬዶች (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ናቸው፤ ትልቁን ኤች ሲጫኑ ይሰወራሉ። ለስክሪፕት ግን ሁለቱንም አልመክርም።

አሮጌ ሰርቨር

ከላይ የጻፍኩት ለጥያቄው መልስ እንጂ ለችግሩ መፍትሔ አይደለም። ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣና የሚቆጣጠር የሊኑክስ ክፍል) ባለበት ማሽን ላይ ፕሮግራምን በስም እያሰሱ መጠበቅ አያስፈልግም። ፕሮግራሙን ሰርቪስ (ሲስተምዲ የሚያስተዳድረው አገልግሎት) አድርገው «ሪስታርት=ኦልዌይስ» ካሉት፣ ሲስተምዲ ልጆቹን የሚያውቃቸው በስም ሳይሆን ራሱ በመደበላቸው የከርነል ቡድን ስለሆነ የስም መመሳሰል አያሳስተውም፤ አምስት ደቂቃም አይጠብቅም። አንድ ነገር ብቻ ያስተካክሉ፦ ካልተነገረው በቀር ከወደቀ በ100 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መልሶ ያስነሣል፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ከተነሣና ከወደቀ ግን ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ዳታቤዙ ዘግይቶ በሚነሣበት ቀን ይህ ይደርስብዎታል፤ «ሪስታርትሴክ» የሚለውን (መልሶ ከማስነሣቱ በፊት የሚጠብቀውን ሰከንድ) 10 ያድርጉት።

ባለ ጥቁሩ መስኮት

ሁላችንም ያለፍነው ነገር አለ። ጠያቂው የይለፍ ቃሉን እዚህ ሸፍነውታል፤ በሰርቨሩ ላይ ግን አልተሸፈነም። «ሲኤምዲላይን» የተባለውን ፋይል፣ በተለይ ካልተከለከለ፣ በማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ያነብበዋል፤ ፒኤስ ብሎ የጻፈ ሰው በሙሉ የዳታቤዙን ቁልፍ አይቷል። የፕሮሰሱ ኢንቫይሮንመንት (ሲነሣ ከትእዛዙ ውጭ የሚሰጡት ቅንብሮች) ግን የሚነበበው በባለቤቱና በሩት (በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን ሩት ብቻ ወደሚያነብበው ፋይል ያውጡትና በሰርቪሱ ውስጥ በ«ኢንቫይሮንመንትፋይል» ያስጠሩት።

የማታው ተረኛ

ይህን ስጽፍ ወደ ሰርቨሩ ገብቼ አረጋገጥኩ፤ ከስድስት ወር በፊት ለተለማማጆች በከፈትኩት አካውንት ገብቼ ፒኤስ ስል ቃሉ ፊደል በፊደል ይታያል። ዛሬ ማታ ቀይሬዋለሁ፣ ፕሮግራሙም ቃሉን ከኢንቫይሮንመንት እንዲያነብ ተደርጓል። ሰርቪሱን ካዘጋጀሁ በኋላ ፕሮሰሱን በእጄ ገድዬው ነበር፤ በአሥረኛው ሰከንድ በአዲስ ቁጥር ተነሣ። ስክሪፕቱን ከክሮን አውጥቼዋለሁ።