እማዬ የስኳር ኪኒኗን ከአብሽ ጋር ትወስዳለች፣ ምን ላድርግ?

የአራዳ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሮች። እማዬ 61 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ከተገኘባት 6 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ጠዋት ትውጣለች። ባለፈው ረቡዕ አስቀድሳ ስትመለስ በሩ ላይ ተንበረከከች። በላብ ተጠምቃለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እኔን በእህቴ ስም ጠራችኝ። ስኳሯን ስለካው በጣም ወርዶ 48 አለ። ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣኋት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነፍሷ መለስ አለች።

ጉዱን የሰማሁት ከዚያ ነው። ለካ ከቅዳሜ ገበያ አብሽ አስገዝታ፣ አስፈጭታ፣ ማታ ዘፍዝፋ እያሳደረች ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣለች፣ ጎረቤታችን "ስኳርን ድራሹን ነው የሚያጠፋው" ብላት፣ እንዲህ ስታደርግ ሁለት ወር ሆኗታል። ሐኪሟ አያውቅም። ለምን አልነገርሽውም ስላት "አንዴ ስለ ቅጠል ባነሳ ነርሷ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ወዲህ አፌን ይዣለሁ" አለች። አብሹን ላስጥላት? ወይስ ኪኒኑን ትቀንስ? እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ ባህል መድኃኒት ይጠናል ሲባል እሰማለሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከማራኪ፦
እህቴ፣ እንኳን እናትሽን አተረፈልሽ። ፋርማሲስት ነኝ። ረቡዕ እየጾሙ ነበር? እስከ ስንት ሰዓት?

እየጾሙ ከነበረ ጥፋቱን ሁሉ አብሹ ላይ አልጭነውም። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን እየቀሰቀሰ ኢንሱሊን የሚያስለቅቅ መድኃኒት ነው፣ ሰውየው በላ አልበላ አይልም። ከምግብ ጋር ውሰዱ የሚባለው ለዚህ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን እንዲህ እምብዛም አይጥልም። አብሽ ሲዘፈዘፍ የሚያዝለገልገው ነገሩ ደግሞ አንጀት ውስጥ ስኳር በዝግታ እንዲገባ ያደርጋል፣ አብሮት የተዋጠውን ኪኒንም ሊያዘገየው ይችላል። ባዶ ሆድ፣ ኪኒን፣ አብሽ፣ ሦስቱ በአንድ ጠዋት ተደራረቡ ማለት ነው።

ኪኒኑን በራሳቸው እንዳይቀንሱ፣ እንዳያቆሙም። ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪማቸው ዘንድ ውሰጃቸው። አብሹንም ይያዙ፣ የሚለኩበትን ማንኪያም ይያዙ።

ደግሞ ቅጠል ስላነሱ ሊጮህባቸው አይገባም ነበር። ሜትፎርሚን ራሱ የተነሣው ጋሌጋ ከሚባል የአውሮፓ ዕፅ ነው። ዕፁ ስኳር የሚያወርድ ነገር አለው፣ ነገር ግን በጎች አብዝተው ሲበሉት ይሞቱ ነበር። እንዳለ ለሰው የሚሆን ስላልነበረ ኬሚስቶች የእሱ ዘመድ የሆነ የዋህ ነገር ሠሩ፣ ዣን ስተርን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 በሽተኞች ላይ ሞክሮ ያገኘውን አወጣ። ዛሬ እናትሽ የሚውጡት እሱን ነው።

ላብራቶሪ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ ዋናውን ተናግሮታል። እኔ ለማስተርስ ለስኳር የሚሰጥ ቅጠል አይጦች ላይ ሞክሬ ነበር። ቅጠሉን ጥላ ላይ ታደርቂዋለሽ፣ ትፈጪዋለሽ፣ ሜታኖል ውስጥ ሦስት ቀን ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ተጣርቶ ፈሳሹ ሲተን ሙጫ የመሰለ ጥቁር ነገር ይቀራል። አይጦቹን በኬሚካል ስኳር እናስይዛቸዋለን። አንዱ ምድብ ቅጠሉን ይወስዳል፣ ሌላው ውሃ፣ ሦስተኛው ማነጻጸሪያ መድኃኒት። ማነጻጸሪያው ምን መሰለሽ? ግሊቤንክላማይድ፣ እናትሽ የሚውጡት ራሱ። ከዚያ ከጅራታቸው ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም እየወሰድን እንለካለን።

የቅጠሉ ምድብ ስኳር ወረደ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ጥያቄሽን ሳነብ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቅጠሉንና ኪኒኑን አንድ ላይ የወሰደ ምድብ አልነበረኝም። አንድም። ቤት ውስጥ ሰው የሚያደርገው ግን እሱኑ ነው። ስለዚህ ጎረቤት "ዩኒቨርሲቲው አረጋግጦታል" ካለሽ፣ አይጥ ላይ ነው፣ ያውም ቅጠሉ ብቻውን ሲሰጥ። የክረምት ቅጠልና የበጋ ቅጠል ደግሞ አቅማቸው አንድ አይደለም፣ 5 ሚሊግራም ኪኒን ግን ሁልጊዜ 5 ሚሊግራም ነው።

አባ ጠና፦
ልጄ፣ እኔ ሰባ የዘለልኩ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ በየሁለት ወሩ ኮሶ እንጠጣ ነበር። እናቴ አበባውን ወቅጣ በሲኒ ለክታ ነው የምትሰጠን፣ አንድ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ አልሻረኝም ብሎ ሊደግም ሲል ከእጁ ቀምታ ደፋችው። "ከዚህ ካለፈ ዓይን ያጠፋል" አለችው። መጠን ማወቅ ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ዐዋቂዎቹን ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ እያልን ስንሰድባቸው ግን ዕውቀቱን ይዘው ዝም አሉ፣ ጠጪውም ተደብቆ መጠጣት ለመደ። እናትሽን አትቆጫት። አብረሻት ግቢና አንቺው ጀምሪላት።

የአራዳ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ እየጾመች ነበር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ዛሬ ወሰድኳት። ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን ቀነሰላት፣ በጾም ቀን እህል ስትቀምሺ ከምግቡ ጋር ውሰጂው አላት። አብሹን ለጊዜው አቁሚ፣ ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት እየለካሽ ጻፊ፣ ከዚያ እናያለን አለ። አልጮኸባትም። "ስንት ማንኪያ ነበር የምትጠጪው?" ሲላት እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ አብሹንም ማንኪያውንም አንድ ላይ ቋጥራቸው ነበር።