ትልቅ ጎማ ለገጠማችሁ፦ ከመሪ ዕቃ የቱን እናስቀድም፣ የቱን እንተው? (ጥቆማ)

35 ኢንች ጎማ የገጠመ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «መሪው ይንቀጠቀጣል፤ የትኛውን የመሪ ሾክ ልግዛ?» የእኔ ጥቆማ ሾኩን (የመሪውን መንቀጥቀጥ የሚያበርደውን) የመጨረሻ አድርጉት ነው። ገንዘባችሁ መጀመሪያ ወደ ፓናርድ ባሩ (አክስሉን በጎን ከሻሲው ጋር ወደሚያስረው ዘንግ)፣ ወደ ቴስቲኒዎቹ (የመሪ ዘንጎች ጫፍ ላይ ወዳሉት መገጣጠሚያዎች)፣ ወደ ባልጆይንቱ (ጎማው ሲታጠፍ ወደሚዞርበት መገጣጠሚያ) ይሂድ። ከዚያ ወደ መሪ ዘንጎቹ። ሾኩ የሚገዛው ከተረፈ ነው።

የምናገረው በዋናነት ፊታቸው ሙሉ አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) ስለሆነ መኪኖች ነው፦ ራንግለር፣ ላንድ ክሩዘር 80፣ ፓትሮል ዋይ61፣ ጂምኒ። ፕራዶና መሰሎቹን ወደ መጨረሻው እመጣባቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ቸርኬውን እዩ። አዎ፣ ከመሪ ዕቃም በፊት። ጄኬ የሚባለው የራንግለር ሞዴል የፋብሪካ ቸርኬ ኦፍሴቱ (የቸርኬው መታሰሪያ ከቸርኬው መሃል የሚርቅበት ልክ) ወደ 44 ሚሊሜትር ነው። ለትልቅ ጎማ በብዛት የሚሸጠው ቸርኬ ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ነው። ልዩነቱ 56 ሚሊሜትር ነው፤ ጎማው በየጎኑ ያን ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ከውጭ ሆኖ መሪውን የሚጎትትበት ርቀት ይረዝማል፣ ጫናው ሁሉ ቴስቲኒውና ባልጆይንቱ ላይ ያርፋል። ወጣ ያለ ጎማ ያምራል፣ አልክድም። ግን የመሪ ዕቃ ቶሎ ቶሎ መቀየር ካልፈለጋችሁ፣ ጎማው ሻሲውንና አክስሉን ከሻሲ የሚያያይዘውን ክንድ ሳይነካ በተቻለ መጠን ወደ ውስጥ የሚገባውን ቸርኬ ምረጡ።

ቀጥሎ ፍተሻ። ይሄኛው ነጻ ነው፣ ግን ማንም አያደርገውም። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንደሆኑ ሞተር አስነሱ። አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ። እናንተ ከታች ሆናችሁ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እዩ፣ በእጅም ዳስሱ። ቴስቲኒው ዘንጉን ከማንቀሳቀሱ በፊት ከፍ ዝቅ ካለ አልቋል። የፓናርድ ባሩ ቡሎን ቀዳዳው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ጥፋተኛው ተገኝቷል። የመሪ ሳጥኑ (የመሪውን ዙር ወደ ዘንጎቹ የሚያስተላልፈው) ሻሲው ላይ ከተነቃነቀ እሱም ይታያል። መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማ መነቅነቅ ብቻውን ይህን ሁሉ አያሳይም።

ፓናርድ ባር (ጂፕ የያዙ ሰዎች ትራክ ባር ይሉታል) ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። አክስሉን በጎን የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። ጎሚኒው (ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ) ከሞተ ወይም ቡሎኑ ከላላ መሪውን ስታዞሩ ጎማው ሳይሆን አክስሉ ነው የሚሄደው። በመንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ መትታችሁ የመኪናው ፊት በሙሉ እንደ ወባ በሽተኛ የሚንቀጠቀጠው፣ ፍሬን ይዛችሁ ካላቀዘቀዛችሁት የማይቆመው ያ አስፈሪ ነገር፣ ብዙውን ጊዜ መነሻው እዚህ ነው። ጄኬ ላይ የፋብሪካው ማጥበቂያ 125 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 170 ኒውተን ሜትር ነው። በእጅ ግምት አይሆንም፤ የቶርክ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቡሎኑ የሚጠብቀውም መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ከሆነ ደግሞ ማጥበቅ አያድነውም፤ ወይ ማስበየድ ወይ ወፍራም ቡሎን ማስገባት ነው።

መኪናችሁን ከፍ ካደረጋችሁ የሚስተካከል ፓናርድ ባር ግዙ። ከፍ ሲል አክስሉ ወደ ጎን ይሸሻል፤ መሃል የሚመልሰው እሱ ነው። ስትመርጡ ሁለቱም ጫፍ ላይ ጎሚኒ ያለውን ከሄም ጆይንት (ላስቲክ የሌለው የብረት ኳስ መገጣጠሚያ) አስበልጣለሁ። መኪናው በየቀኑ የሚነዳ ከሆነማ ጥያቄ የለውም።

ይህ ወደ መገጣጠሚያው ክርክር ያመጣናል። ቴስቲኒ ወይስ ሄም ጆይንት? ሄም ጠንካራ ነው፣ ብዙ ይታጠፋል፣ ሲያልቅም ጆይንቱን ብቻ ነቅሎ መቀየር ይቻላል። ነገር ግን ብዙዎቹ የላስቲክ ሽፋን የላቸውም። አቧራና ጭቃ ይገባቸዋል፣ ይንኳኳሉ፣ በአንዳንድ አገር ደግሞ መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና አይፈቀዱም። ድንጋይ ላይ ብቻ ለሚውል መኪና ሄም ይሁን። ለሌላው ሁሉ ጥሩ ቴስቲኒ፣ የሚቻል ከሆነም የግራሶ መስጫ ያለው። ለቶዮታ የጃፓኑ 555 ቴስቲኒ ስሙን የጠበቀ ነው፤ ከዋናው ዕቃ ቀጥሎ ዐይኔን ጨፍኜ የምጠቁመው እሱን ነው። ስም የሌለውን ርካሽ ቴስቲኒ 35 ጎማ ላይ መግጠም ግን ሥራውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ስትገጥሙ ደግሞ አንድ ነገር። ዳዶውን በቶርክ ካጠበቃችሁ በኋላ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያስረው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጨምራችሁ አጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ አታላሉት። የላላ ሾጣጣ ቦታውን ይበላዋል፣ ከዚያ የሚቀየረው ቴስቲኒው ሳይሆን የጎማው ተሸካሚ ብረት ይሆናል።

ባልጆይንት ጄኬና ጄኤል (ከጄኬ ቀጥሎ የመጣው ራንግለር) ያላችሁን ይመለከታል። የጄኬው የፋብሪካ ባልጆይንት የግራሶ መስጫ የለውም፣ ትልቅ ጎማም ቶሎ ይጨርሰዋል። ዳይናትራክ ፕሮስቲር ግራሶ የሚወስድና ተፈትቶ የሚታደስ ነው፤ ብዙ ለሚነዳ ሰው እሱ ይሻላል። ቴራፍሌክስና ሲነርጂም ጠንከር ያለ አላቸው። 33 ጎማ ላይ ከቆማችሁ ግን ጥሩ ተራ ባልጆይንት ይበቃል፤ ገንዘቡን ለፓናርድ ባሩ አቆዩት።

ላንድ ክሩዘር 80፣ ፓትሮልና ጂምኒ ባልጆይንት የላቸውም። ኪንግፒን (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ) ላይ ኩሽኔታ ነው ያላቸው። እዚያ ጥቆማዬ አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ የዘይት ማገጃ (ኦይል ሲል)፣ ከዚያም ጥብቀቱን በሺም (ስስ የብረት ቀለበት) አስተካክሎ በስፕሪንግ ሚዛን የሚለካ መካኒክ ነው። «የሚለካ» የሚለው ቃል ላይ አሰምሩበት። ኩሽኔታውን ቀይሮ ጥብቀቱን ሳይለካ የሚዘጋ ብዙ ነው። በተለይ ጂምኒ ላይ የመሪ መንቀጥቀጥ ሲመጣ እዚህ ሳታዩ ምንም አትግዙ። ቀላል መኪና ስለሆነች ትንሽ የባላንስ ጉድለት እንኳ ይሰማታል። የአዲሷ ጂምኒ የፋብሪካ ጎማ 195/80 በ15 ነው። 235/75 በ15 ሲገባ ቁመቱ ከ27 ኢንች ገደማ ወደ 29 ይጠጋል፣ ክብደቱ ግን በደንብ ይጨምራል።

አሁን ዘንጎቹ፦ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ታይ ሮድና ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ድራግ ሊንክ። ሁሉም የሚያወራላቸው እነሱን ነው፤ እኔ ከፓናርድ ባር፣ ከቴስቲኒና ከባልጆይንት በኋላ ነው የማስቀምጣቸው። ሦስት ዓይነት ብረት ታገኛላችሁ። ዲኦኤም የሚባለው ቱቦ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ድንጋይ ሲመታው ግን ታጥፎ ይቀራል። ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት) ለመታጠፍ ይበልጥ ያስቸግራል። 7075 አሉሚኒየም ደግሞ ወፍራም ሆኖ ይሠራል፤ ሲመታ ትንሽ ይታጠፍና ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ድንጋይ ለሚወጣ ሰው ታይ ሮዱን 7075፣ ድራግ ሊንኩን ብረት አድርጉ እላለሁ። ድራግ ሊንኩ ብዙ ጊዜ ከድንጋይ ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ለእሱ ውዱን አሉሚኒየም መግዛት አስፈላጊ አይደለም።

በየመኪናው እንሂድ። ለጄኬና ለጄኤል ስቲር ስማርትስ ዬቲ ኤክስዲ ብዙ መበየድ ሳያስፈልግ የሚገጠም ሙሉ ዕቃ ነው፤ መንገድና ገጠር ለሚደባልቅ ሰው የምጠቁመው እሱን ነው። ሲነርጂ ይበልጥ ለድንጋይ ያደላል። የድሮው ቼሮኪ ኤክስጄ ወይም ራንግለር ቲጄ ካላችሁ የታወቀ ርካሽ ዘዴ አለ። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ግራንድ ቼሮኪ ዜድጄ ታይ ሮዱ ቱቦ ሳይሆን ድፍን ነው፣ ከፋብሪካው ቱቦ በብዙ ይሻላል፣ ይገጥማልም። እስከ 33 ጎማ ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ግን ኩሪ ከሬክትሊንክ የመሰለ ሙሉ ዕቃ ይፈልጋል።

ላንድ ክሩዘር 80 ላይ ችግሩ ቦታው ነው። ታይ ሮዱ ከአክስሉ ኋላ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ታጥፎ ጎማዎቹ ወደ ተለያየ አቅጣጫ የዞሩበትን 80 ያየ ሰው ይገባዋል። የአውስትራሊያው ሱፒሪየር ኢንጂነሪንግ ለ80ም ለፓትሮልም ድፍን ብረት ዘንጎች ይሠራል። ከባድ ናቸው፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታጠፉም። በተረፈ 80ው 285/75 በ16 ጎማ፣ ማለትም ወደ 33 ኢንች፣ በፋብሪካ ዘንግና በ555 ቴስቲኒ በደንብ ይሸከማል። 315/75 በ16፣ ወደ 35፣ ከገባ ታይ ሮዱን ቀይሩ።

የቱንም ዘንግ ግዙ፣ አቀማመጡ ከተበላሸ ዋጋ የለውም። ድራግ ሊንኩና ፓናርድ ባሩ ከፊት ሲታዩ ትይዩ መሆን አለባቸው፣ ርዝመታቸውም መቀራረብ። አለዚያ ጉድጓድ ስትመቱ መሪው ብቻውን ይዞራል። ጄኬን ከ3 ኢንች በላይ ከፍ ያደረገ ሰው ድራግ ሊንኩን ከላይ ወደሚታሰርበት ቢቀይር ጥሩ ነው፣ ግን ያኔ የፓናርድ ባሩም መያዣ አክስሉ ላይ አብሮ ከፍ ማለት አለበት። አንዱን ብቻ ማድረግ ከምንም አለማድረግ የባሰ ነው።

ካስተርም እንደዚያው። መኪናው ከፍ ሲል የጎማው መዞሪያ ወደ ኋላ ማዘንበሉን ይቀንሳል፣ መሪው ከታጠፈ በኋላ አልመለስ ይላል፣ በፍጥነት ላይ መኪናው ይዋልላል። ብዙ ሰው ይህንን ነው «መሪው ላላ» የሚለው። 80ን በ50 ሚሊሜትር ከፍ ላደረገ ሰው የኦልድ ማን ኢሙ የካስተር ጎሚኒ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ጎሚኒ አይመልሰውም፤ ክንዱ ራሱ ወይም መያዣው መቀየር አለበት።

የመሪ ሳጥን ላይ አንድ ነገር ለጄኤል ባለቤቶች። የመጀመሪያዎቹ ጄኤሎች ሳጥናቸው አሉሚኒየም ነበር፣ መሃል ላይ መላላቱ ብዙ ቅሬታ አስነሣ። ጂፕ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ የመሪ ሾክ፣ በኋላም የብረት ሳጥን አቅርቧል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ውድ ዘንግ አትግዙ። ለድሮ ጂፖችና ሌሎች ባለ ሳጥን መኪኖች ደግሞ ያለውን ሳጥን በሬድ ሄድ ዓይነት አዳሽ ማሳደስ፣ ርካሽ አዲስ ሳጥን ከመግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። ሳጥኑ ላይ ያለውን የማስተካከያ ቡሎን አጥብቆ መላላቱን «ማዳን» ግን አትፍቀዱ። ከመጠን በላይ ከጠበቀ መሪው አይመለስም፣ ጥርሱም ይበላል።

37 ጎማ ከሆነ የሳጥኑን ዘንግ ከታች የሚይዝ ድጋፍ ጨምሩበት፤ ሲነርጂ ለጄኬና ለጄኤል ይሠራል። ቆሞ ድንጋይ መሃል መሪ የሚያዞር ሰው ደግሞ የሃይድሮሊክ ረዳት (መሪውን በዘይት ግፊት የሚያግዝ ሲሊንደር) ያስፈልገዋል፤ ፒኤስሲ እዚህ ቀዳሚው ስም ነው። ግን ሲሊንደሩ ብቻውን አይበቃም፤ ፓምፕና የዘይት ማቀዝቀዣ አብሮ ይገዛል። 33 ላይ ላላችሁ አያስፈልግም፣ አትቸገሩ።

ሾኩ? ሁሉም ነገር ተስተካክሎ አሁንም ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ከእጃችሁ የሚያመልጥ ከሆነ ቢልስታይን 5100 ጥሩ መካከለኛ ነው። ፎክስ ኤቲኤስ ጥንካሬው የሚስተካከል ስለሆነ 37 ላይ ለሚሄድ ሰው ይመቻል። ሞላ ያለበትን፣ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰውን ዓይነት አልጠቁምም። የካስተርን ችግር ይሸፍናል፣ መሪውን ስታዞሩም ይታገላችኋል። ሁለት ሾክ ጎን ለጎን መግጠም ደግሞ መታያ እንጂ ሌላ አይመስለኝም።

ፕራዶ፣ ኤፍጄ ክሩዘር፣ ላንድ ክሩዘር 100 ያላችሁ ሥራችሁ ያንሳል። ፓናርድ ባር ከፊት የላችሁም። የመሪ ራኩን (በሳጥኑ ፈንታ ያለውን) የሚይዙትን ጎሚኒዎች እዩ፣ ከዚያ የውስጥና የውጭ ታይ ሮድ። ከፍ ካደረጋችሁ ካስተሩን የሚመልስ የላይ ክንድ ያስፈልጋችኋል። ኤስፒሲ የሚስተካከል ነው፣ ኦልድ ማን ኢሙ ደግሞ ገጥሞ ለመርሳት። 33ን ማለፍ ለእነዚህ አልመክርም።

የአላይመንት ቤት ስትመርጡ ማሽኑ ምን ያህል አዲስ እንደሆነ ብዙ አትጨነቁ። ሙሉ አክስል ላይ የሚስተካከለው በዋናነት ቶው (በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት) ነው፤ ለትልቅ ጎማ ፊቱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ጠበብ ቢል ይበቃል። ከቤቱ የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው። የካስተሩን ልክ በወረቀት ይስጧችሁ። መሪውንም በድራግ ሊንኩ መሃል ያድርጉት፣ መሪውን ነቅለው አዙረው አይደለም። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ መሪው ጠማማ ከቀረ መንሸራተት መቆጣጠሪያው ግራ ይጋባና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዛል። ከ500 ኪሎሜትር በኋላም ተመለሱና የነካችሁትን ቡሎን ሁሉ በቶርክ ቁልፍ ዳግም አስፈትሹ፣ ከፓናርድ ባሩ ጀምራችሁ።